ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ዕቅድ፦ እውነት የተለወጠ ሰው አለ?

ባለደብተሩ · ጳጉሜ 3፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ጠዋት ዝናቡ ሲለቀው የግቢያችን ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ሲጨፍሩ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ «በዝናቡ ተጠመቅክ ወይ? ዛሬ እኮ ሰማይ ይከፈታል» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። ውሸቴን ነው። በረንዳ ላይ ቆሜ አንድ እጄን ብቻ ነበር ያወጣሁት። በሌላኛው ሲጋራ ይዣለሁ። 34 ዓመቴ ነው፤ እንደማጨስ እስካሁን አታውቅም።

ከዚያ ለበዓሉ ቤት ሳጸዳ አንድ ደብተር አገኘሁ። ከ2012 ጀምሮ በየጳጉሜው የአዲሱን ዓመት ዕቅድ የምጽፍበት ነው። ቁጭ ብዬ ስድስቱንም አነበብኩ።

የ2012ቱ እንዲህ ይላል። ሲጋራ ማቆም። በወር 2,000 ብር መቆጠብ። ጠዋት ጠዋት መሮጥ። እንግሊዝኛ ማሻሻል። እማዬን ቶሎ ቶሎ መጠየቅ። የ2013ቱም ያው ነው፣ ሲጋራው ላይ «በቃ!» የሚል ተጨምሮበታል። በ2014 በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። በ2015 ሦስት ቃለ አጋኖ አለው። በ2016 ሁለት ሺህ ብሩ «የተቻለኝን ያህል» ሆኗል። የ2017ቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እንዳምናው»።

ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ከፋኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። «ትችላለህ፣ በርታ» የሚለውን አልፈልግም፤ እሱን ቴሌግራም ላይ ጠግቤዋለሁ። እውነት አንድ ነገር የለወጠ ሰው ካለ፣ ዕቅዱ በፈረሰ ማግስት ምን እንዳደረገ ይንገረኝ። አጀማመሩንማ እኔም አውቀዋለሁ። ስድስት ጊዜ ጀምሬያለሁ።

የመርካቶ አየር · ጳጉሜ 3

የእኔ የ2018 ዕቅድ የ2017ቱን ዕቅድ የት እንዳስቀመጥኩት መፈለግ ነው። ቂቂቂ።

ምን ታደርገዋለህ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ኑሮ ይናገር · ጳጉሜ 3

እኔ ደግሞ ትንሽ ልናደድ። ይሄ «ራስን መለወጥ» የሚሉት ነገር የሞላለት ሰው ጨዋታ ነው። በ2016 መባቻ ለልጄ ትምህርት ቤት በወር 1,500 ብር ላስቀምጥ ብዬ ዕቅድ አወጣሁ። አሥር ወር ሙሉ ጠበቅኩት። አንድም ወር አልዘለልኩም። ሐምሌ 22፣ 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም ተከተለ።

እኔ አልሰነፍኩም። ያው ሰው፣ ያው ደሞዝ። የፈረሰው ግን ዕቅዴ ነው። ታዲያ ደብተር ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ባለደብተሩ · ጳጉሜ 3

እውነትህን ነው። ለዚያ መልስ የለኝም። የእኔንም ሁለት ሺህ ብር የገደለው ያው ኑሮ ነው። ግን ሲጋራውን ዶላር አላስጀመረኝም። ቢያንስ እሱን ለብቻው አውጥቼ ላየው።

ተረኛ ነርስ · ጳጉሜ 4

ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ካጠረ ይቅርታ። (ጽፌ ሳየው አላጠረም።)

መጀመሪያ «ማንም አይለወጥም» ለሚሉት። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። ሁለት ዓይነት ሰው ተከታተሉ። አንዱ በአዲስ ዓመት «ይህን እለውጣለሁ» ብሎ የወሰነ ነው። ሌላው ያንኑ ነገር መለወጥ የሚፈልግ፣ ግን ያልወሰነ። ከ6 ወር በኋላ ከወሰኑት 46 በመቶው እንደጸኑ ነበሩ። ካልወሰኑት 4 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ደብተርህን አትጣለው።

ሁለተኛ፣ «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውን እርሳው። የመጣው በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅባቸው ስለጻፈ ነው። ከሲጋራ ጋር ምን አገናኘው? በ2009 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ፣ እንዲህ ዓይነት ቀላል ነገር ነው። አማካዩ 66 ቀን ሆነ። ግን አንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው ስሌቱ 254 ቀን ድረስ ሄዷል። እና ልብ በል፣ መሃል ላይ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አላበላሸውም።

ሲጋራ ከዚያ ይከብዳል፣ ልዋሽህ አልፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ክፉ ናቸው። ሀራራው ራሱ ግን ሲመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። የምትታገለው ከዓመቱ ጋር ሳይሆን ከእነዚያ ደቂቃዎች ጋር ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በቀን ስንት ታጨሳለህ ሳይሆን፣ የትና ከማን ጋር ታጨሳለህ?

ጋሽ ማለዳ · ጳጉሜ 4

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የ63 ዓመት ሰው ነኝ። ልጄ ስልክ ላይ ስላስተማረችኝ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

በ2013 ስኳር እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሐኪሟ «በየቀኑ ይራመዱ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አንድ ሳምንት ሄድኩ። ከዚያ ዝናብ ሆነ፣ ብርድ ሆነ፣ ጉልበቴ ሆነ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ምክንያት አያጣም።

አንድ ቀን እቁብ ላይ ተቀምጠን አሰብኩት። በዚህ ሰፈር 18 ዓመት እቁብ ጥያለሁ። ብር አጥቼ ተበድሬ የጣልኩበት ቀን አለ። የቀረሁበት ግን የለም። ለምን? ዳኛውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ነው። ታዲያ ለ500 ብር እንዲህ የምጠነቀቅ ሰው ለእግሬ እንዴት ሰነፍኩ?

ሦስት ጎረቤቶቼን ያዝኩና የእግር እቁብ መሠረትን። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኛለን። የቀረ ለሌሎቹ ፉል ይጋብዛል። ጸሐፊው በደብተር ይይዛል፣ ዝምድና አያውቅም። እኔ እስካሁን ሰባት ጊዜ ጋብዣለሁ። ስድስቱ የክረምት ናቸው።

በፈረሰ ማግስት ምን አደረክ ብለሃል። ፉል ጋብዤ በነጋታው ሄድኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሪያድ ነኝ · ጳጉሜ 5

ሰላም። ሪያድ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ መስከረም 1 የሥራ ቀን ነው። አበባየሆሽን በስልክ ነው የምሰማው።

አምስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ዕቅዴ አንድ ብቻ ነበር፤ «ኮንትራቴን ጨርሼ እገባለሁ»። ደሞዜን እንዳለ እልካለሁ። ለራሴ የካርድ ብቻ ነበር የማስቀረው። ቤት እየተሠራ ነው ይሉኛል። ሁለት ዓመቱ አልቆ ልገባ ስል ቆርቆሮ እንኳን አልተመታም። ብሩ ለወንድሜ ባጃጅ ሆኗል። ባጃጁም ተሸጧል።

ማንንም አልወቅስም። እናቴ ልታታልለኝ ብላ አይደለም። ልጇ ሲለወጥ ማየት ፈልጋ ነው።

እኔን የለወጠኝ አዲስ ዓመት አይደለም። ሁለተኛውን ኮንትራት የፈረምኩ ለት እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ከአሁን በኋላ ግማሹን ነው የምልከው» አልኳት። ዝም አለች። ያቺ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ከዚያ «ማነው ያስተማረሽ?» አለችኝ። ሁለት ወር በደንብ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ወር ወንድሜ ደውሎ አለቀሰ። ሙሉውን ላክሁ። ይኸው ፈረሰ።

ማግስቱን ለጠየቅኸው፦ በሚቀጥለው ወር ደሞዜ እንደገባ፣ ማንም ሳይደውል ግማሹን ላክሁ። ቀደምኳቸው። ሲደውሉ «ልኬያለሁ» ነው የምለው። «እምቢ» ማለት አልችልበትም። «ልኬያለሁ» ማለት ግን እችላለሁ። ሦስት ዓመት እንደዚህ ቆየሁ። አሁን መሬቱ በእኔ ስም ነው። ወንድሜም ሥራ ይዟል፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የጠቀመው መሰለኝ።

ኑሮ ይናገር · ጳጉሜ 5

እህቴ፣ ይሄን አንብቤ ቀዝቀዝ አልኩ። እውነት።

ትኬት ቀዳጁ · ጳጉሜ 5

እኔ አልተለወጥኩም፣ ግን ልጻፍ። የኔ ቤቲንግ ነው። አፑን ስንት ጊዜ አጥፍቼ ስንት ጊዜ እንደጫንኩት ራሴም አላውቅም። ስምንት ጨዋታ አስገብቼ በአንዷ ጎል ተበልቼ አድሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሠርቶልኛል። የደሞዝ ቀን ከሥራ ስወጣ በማልፍበት መንገድ ላይ ሦስት ውርርድ ቤት አለ። መንገድ ቀየርኩ። ሁለት ታክሲ ሆነብኝ፣ ሂሳቡ ግን ያዋጣል። አሁን በወር አንዴ ነው የምሸነፈው፣ ድሮ በሳምንት ነበር። ይሄ መለወጥ ከተባለ ተባለ።

ባለደብተሩ · መስከረም 2፣ 2018

እንኳን አደረሳችሁ። ከዘመን ዘመን ያሸጋግረን።

ፈረሰ። መስከረም 1፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ዘጠኝ ሰዓት እንኳን መድረሴ ይገርመኛል።

ጓደኛዬ ቤት ተጋብዘን ነበር። ዶሮ አለ፣ ጠላ አለ፣ ቢራ አለ። በዓመት አንዴ የማገኛቸው ልጆች አሉ። ሁሉም ከበላ በኋላ በረንዳ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ለሰባተኛ ጊዜ ነው አሁን የገባኝ። አዲስ ዓመት እኮ ድግስ ነው! ሱስ ለማቆም ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ከዚህ የባሰ ቀን ካለ ንገሩኝ።

ማታ ቤት ስገባ «በቃ ሰኞ እጀምራለሁ» አልኩ። ዛሬ ዓርብ ነው። ከዚያ ጋሽ ማለዳ የጻፉት ትዝ አለኝ። ሰኞ አላሉም። «በነጋታው ሄድኩ» ነው ያሉት። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀኔ ዛሬ ነው፣ መስከረም 2። የማንም በዓል አይደለም።

ተረኛ ነርስ፣ ጥያቄሽን አሰብኩበት። የማጨሰው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቢሮ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች፤ እሷ ጋ ከምሳ በኋላ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር። ሲጋራውን በፍሬ እሷው ትሸጥልናለች። (በፍሬ መሸጥ ከ2011ዱ አዋጅ ወዲህ ክልክል ነው፣ ግን ማን ሰምቶ።) ሁለተኛ፣ ማታ በረንዳ ላይ ስልክ ሳወራ። ሦስተኛ፣ መጠጥ ካለ። ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እሁድ ቤት ከዋልኩ አንድም ሳላጨስ ይመሻል። ይሄን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

ተረኛ ነርስ · መስከረም 2

አየህ? «ሲጋራ ማቆም» የሚለው አንድ ትልቅ ነገር ሦስት ትንንሽ ሆነ።

አሁን ለሦስቱም ምትክ ጻፍ። «አላጨስም» ብለህ አይደለም፤ «ምሳ ከበላሁ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለህ። በስዊድን ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ዕቅዳቸው አንድ ነገር መጀመር የሆነ ሰዎች ከዓመት በኋላ 59 በመቶ ገደማ ተሳክቶልናል ብለዋል። ዕቅዳቸው መተው ወይም መራቅ የሆነባቸው 47 በመቶ። የሰው ልጅ ባዶ እጁን መቀመጥ አይወድም መሰለኝ።

የኮምቦልቻው · መስከረም 5

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ለሁላችሁም ሰላም።

11 ዓመት አጭሻለሁ፣ አሁን አራት ዓመት ሆነኝ ካቆምኩ። ሁሌ የሚገርመኝ ረመዳን ነበር። ከፈጅር እስከ መግሪብ ጭስ አፌ አይገባም። አንድም ቀን አልተቸገርኩም ማለቴ አይደለም፤ ራሴን ያመኛል፣ ሰው ላይ እጮሃለሁ። ግን አላጨስም። ረመዳን አልፎ ሹዋል ሲገባ ያው ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ቀርቶ ሁለት ሰዓት መቆየት አይችልም።

ምንድን ነው ልዩነቱ? ኢማን ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሌላም ነገር አለ። በረመዳን ቀን ማንም አይጋብዝህም። ቤት ውስጥ ማንም አይበላም። የሱቁ ልጅ ራሱ ያፍርብሃል። ከተማው በሙሉ አብሮህ ይይዝሃል።

የምሸነፈው ማታ ነበር። ከተራዊህ (ከረመዳን የሌሊት ሶላት) ስንወጣ ጓደኞቼ መንገዱ ጥግ ይቆማሉ። በመጨረሻው ረመዳን ያደረግኩት አንድ ነገር ነው። ከተራዊህ በኋላ ከአባቴ ጋር ተያይዤ ወደ ቤት መሄድ። አባቴ ቀስ ነው የሚሄደው፣ ክንዴን ይይዛል። እሱን ትቼ ጥግ ልቁም አልልም። ሠላሳ ሌሊት እንዲህ ሄድን። ከዒድ በኋላም ቀጠልን። ለኢሻ አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን።

ባለደብተሩ · መስከረም 5

ወንድሜ፣ ይሄ ነገር መታኝ። እኛም እኮ ዐቢይን 55 ቀን እንጾማለን። እናቴ ቤት ቅቤው ይነሳል፣ ድስቱ ይቀየራል። ሥጋ ቤቱ በሩን ይዘጋል። ምግብ ቤት ስትገባ «የጾም ነው የፍስክ?» ተብለህ ነው የምትጠየቅ። ሥጋ የምወድ ሰው 55 ቀን ሥጋ ሳላስብ እውላለሁ። ጉልበቱ የእኔ መስሎኝ ነበር።

በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ግን ሁሉም ብቻዬን ነው። በሚስጥር። እንዳላፍር ለማንም አልነገርኩም። ለካ ለመፍረስም የሚመቸኝ እንደዚያ ሲሆን ነው።

ደጀ ሰላም · መስከረም 6

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ጾምን ሱስ የመተዊያ ዘዴ አድርጋችሁ ባታወሩ ደስ ይለኛል። ጾም ጸሎት አለው፣ ስግደት አለው፣ ምጽዋት አለው። ከዚያ የተለየ ጾም ረሃብ ነው የሚሆነው። ሥጋ ቤት ስለተዘጋ የሚጾም ሰው አልጾመም።

ባለደብተሩ · መስከረም 6

ልክ ነህ፣ አጠፋሁ። ጾሙን ማሳነሴ አልነበረም። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም ለማለት ነው።

ደጀ ሰላም · መስከረም 6

እሱን ካልክ እሺ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ንስሐ አባት አለህ? ሰው ፊት «እንዲህ ነኝ» ብሎ መናገር ከደብተር ይከብዳል። የከበደውም ለዚያ ነው የሚረዳው። እኔ ስለ ራሴ ነው የማወራው፣ ዝርዝሩን ተወው።

ባለደብተሩ · መስከረም 18

ደመራውን አለፍኩ። ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጀበና ቡና ያለችዋ ልጅ ጋ ሄጄ «ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ ብጠይቅሽ እንዳትሰጪኝ» አልኳት። ሳቀች። «እኔስ ንግዴን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተከራከርን። በመጨረሻ ቡናዬን ከቆሎ ጋር እንድወስድ፣ ቆሎውን በሲጋራው ዋጋ እንድትሸጥልኝ ተስማማን። አታላኛለች መሰለኝ፤ ለአንድ ጭብጥ ቆሎ ብዙ ነው። ግን ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሲሰጠኝ አይታ «ቆሎህ ተቆልቷል!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ዞረ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። ሲጋራው አይደለም የናፈቀኝ። ያቺ 15 ደቂቃ ነች። የቢሮው ወሬ በሙሉ እዚያ ነበር የሚወራው። ማን ሊለቅ ነው፣ አለቃው በማን ተናደደ፣ የማን ሚስት ወለደች። አሁን ነገሩን ሁሉ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የምሰማው። ሰዎቹም ትንሽ ራቁኝ። አልተቀየሙኝም፣ ግን እነሱ ወደ ጥግ ሲሄዱ እኔ እቀራለሁ። ሱስ ለማቆም ይሄን ያህል ብቸኝነት እንደሚከፈል ባውቅ ኖሮ ስድስት ዓመት ራሴን ሰነፍ ብዬ አልሰድብም ነበር።

የመርካቶ አየር · መስከረም 18

በቆሎ የተካ ሲጋራ! የዚህች ልጅ ሰፈር የት ነው? ለኔም የሆነ ነገር ትሽጥልኝ።

ባለደብተሩ · ጥቅምት 22

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ለቅሶ ቤት አድሬ ገባሁ። የሥራ ባልደረባዬ አባት አርፈው ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን አመሸን። አራት አጨስኩ። አራት!

እንቅልፌ ጠፍቷል። አልጋ ላይ ሆኜ «ሃምሳ ቀን ገደል ገባ» እያልኩ ነበር። «በቃ የቀረውን ፓኮ ልጨርስና ገና ሲመጣ እጀምራለሁ» የሚል ሐሳብ መጣ። በጣም የሚጣፍጥ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ተነስቼ እዚህ ጻፍኩት።

ተረኛ ነርስ · ጥቅምት 22

ደግሞ ተረኛ ነኝ፣ ዕድለኛ ነህ።

ሃምሳው ቀን የትም አልገባም። ሃምሳ ቀን ሳታጨስ ኖረሃል፣ ትናንት አራት አጨስክ። ሁለቱም ሆነዋል። ከዜሮ አትቁጠር። ፓኮውን አሁን ጣለው፣ ሳይነጋ። እና አራተኛ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት። ዝርዝርህ ላይ ጨምረው።

ጋሽ ማለዳ · ጥቅምት 22

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ለአዘንተኛው መጽናናትን ይስጥልን።

እኔ ደግሞ ትናንት ቀርቼ ዛሬ ፉል አለብኝ። ስምንተኛዬ ነው። ውርጩ ገብቷል እኮ።

ባለደብተሩ · ኅዳር 7

ነርሷ ካለችው 66 ቀን ዛሬ ሞላ። ምንም አልተሰማኝም። ከበሮ አልተመታም። ሀራራው አሁንም ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ ቆሎ ስይዝ ይሄዳል።

ሁለት አዲስ ዓመት · ታኅሣሥ 23

ይሄን ውይይት ዛሬ ነው ያየሁት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። እዚህ ዛሬ ጃንዋሪ 1 ነው። የሰፈራችን ጂም ዛሬና ነገ መኪና ማቆሚያ አይገኝበትም። በፌብሩዋሪ የፈለግከው ቦታ ላይ ታቆማለህ።

እኛ ስደተኞች አዲስ ዓመት ሁለት ጊዜ ነው ያለን። ድሮ ሁለት ጊዜ እዋሽ ነበር፤ መስከረም ላይ አንዴ፣ ጃንዋሪ ላይ አንዴ። አሁን መስከረም ላይ እጀምራለሁ፣ ጃንዋሪ 1 ላይ ምን ቀረ ብዬ አያለሁ። መሃላቸው 112 ቀን ነው። የዘንድሮው የእራት ሰዓት ነበር። ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ከልጆቼ ጋር በአማርኛ ብቻ። የመጀመሪያው ሳምንት እራት ዝምታ ነበር። ትልቁ ልጄ «ጨው አቀብይኝ» ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ ለእናቱም ለአባቱም። አሁን በአማርኛ ይጨቃጨቀኛል። አስቡት፣ በገዛ እጄ!

የኔ ስልክ ግን ከቅርጫቱ ሁለት ሦስቴ ወጥቷል። ልጆቹ ናቸው የያዙኝ።

ባለደብተሩ · ጥር 1፣ 2018

እንኳን ለገና አደረሳችሁ። ከደብረ ብርሃን መመለሴ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። በገና ዋዜማ ማታ እናቴ ቤት ገባሁ። ብርዱ አይጣል ነው፣ ጋቢ አልብሳኝ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ አንገቴን ስማ ትንሽ ቆየች። «ያ ሽታህ ጠፋ» አለችኝ።

«የምን ሽታ?» አልኳት።

«ተወው» አለች። «በየሩፋኤሉ ስደውልልህ ስለሱ ነበር።» ቡናውን መቁላት ጀመረች።

አሥር ዓመት ሙሉ ማስቲካ እያኘኩ ነበር እዚያ ቤት የምገባው።

ሪያድ ነኝ · ጥር 1

ወይ እናት። አስለቀስከኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ትኬት ቀዳጁ · ጥር 2

ታኅሣሥን አንድም አልቆረጥኩም። ጥርን አላውቅም። ደመወዝ ሊገባ ነው፣ ዱዓም ጸሎትም ያላችሁ።

ጋሽ ማለዳ · ጥር 2

ባለደብተሩ፣ ያ ደብተርህ ላይ «ጠዋት ጠዋት መሮጥ» የሚልም ነበር አይደል? ሩጫውን ተወው። ከእኛ አንዱ ልጁ ጋ ካናዳ ሄዷል፣ ቦታ አለ። የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት።

ባለደብተሩ · ጥር 2

ጋሼ፣ ቅዳሜ ብቀር ፉሉ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል ወይስ የመጀመሪያው ሳምንት ነፃ ነው?

ጋሽ ማለዳ · ጥር 2

ጸሐፊውን ጠየቅኩት። ይቆጠራል ብሏል።